እሜቴ በጀርባዋ የተኛች ዕለት

ናዝሬት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ ኢፍቱ፣

ያን ሁሉ ባሕር በደህና ያሻገረሽ አምላክ አሁንም ከብርዱ ይጋርድሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናቴ ብዙ ሰላም ብላሻለች። አባቴ መኪናውን ይዞ አሰብ መስመር ላይ ነው፤ ሲመለስ ሰላምታሽን አደርስለታለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ስለቀረሁ ፊደሌ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ።

ሸረሪቷ ደህና ናት። መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

እውነቱን ልንገርሽና የመስታወት ሣጥኑን ያስያዝሽኝ ቀን እምቢ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ አልታዘዘልኝም። «እሜቴ ጫጫታ አትወድም፤ የሺ ደግሞ ዝምተኛ ናት፤ ይስማማሉ» ስትዪ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ሣጥኑን በነጠላ ሸፍኜ ውኃ ብቻ ሰጠኋት። በአራተኛው ቀን እንዳልሽኝ ከባቡር ሐዲዱ ዳር ፌንጣ ይዤ መጣሁ፤ የወንፊት ሽቦውን ገለጥ አድርጌ ወረወርኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ፌንጣው የለም። አንድ እግሩ ብቻ ከአፏ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለፌንጣው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

እናቴ፣ «የሰው ዘመድ አደራ ሲሰጥ ጊደር ይሰጣል፤ ኢፍቱ ጋኔን በመስታወት ሰጠችን» ትላለች። ግን አውጥተሽ ጣያት አላለችኝም። መቂ ላይ ከጉድጓዷ ያወጣት ወንድምሽ ጋሽ ገመቹ መሆኑን ስለምታውቅ ይመስለኛል። እኛ ቤት ሆኖ ሲማር፣ ከመቂ በተመለሰ ቁጥር ጣቶቹን አንገቴ ላይ እያስኬደ «እሜቴ መጣች!» ይለኝ ነበር። ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ውኃው በቆርኪ ይበቃታል ወይ? የተረፈውን ፌንጣ ላውጣው ወይስ ልተወው? መልስሽን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ታናሽሽ የሺዓለም


ኦዴሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለየሺዬ፣

ሰላምታዬ እንደ መቂ ሽንኩርት በጆንያ ይጫንልሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በመጀመሪያው በረዶ ቀን ነው። ሁለት ካልሲ ደርቤ አነበብኩት። ፊደልሽ አልተንጋደደም።

ቆርኪው ይበቃታል፤ እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቂ። በሳምንት አንድ ፌንጣ ወይም በረሮ በቂዋ ነው። የተረፈውን በማግስቱ በረጅም ማንኪያ አውጪው፤ ይሸታል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ሣጥኑን ከምድጃም ከፀሐይም አርቂው። በሽቦው ላይ ድንጋይ ጫኚ። ከሁሉ በላይ በእጅሽ እንዳትነኪያት። ክፉ ሆና አይደለም፤ ትፈራለች። የፈራ ይነክሳል።

ስሟን ያወጣላት ወንድሜ ነው። ሰው ሁሉ ጓድ መባባል ሲጀምር፣ «አንድ እሜቴ ብቻ እኛ ቤት ቀርታለች፤ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ሳትሠራ ትበላለች» እያለ ያስቀን ነበር። የሺዬ፣ ከእንግዲህ በደብዳቤ ስሙን ባትጠሪው ደስ ይለኛል። ስሙን ሳነብ ትምህርቱ አይገባኝም። ነገሩ ይገባሻል።

እናቴ ሣጥኑን ባየች ቁጥር ስለምታለቅስ ነው ከመቂ አውጥቼ ለአንቺ የሰጠሁት። እሷ እስከ ዛሬ የግቢውን በር ሳትቀረቅር ነው የምታድረው። ልጇ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው። እሜቴ ዕድሜዋ ረጅም ነው፤ ሃያ ዓመት የሚኖሩ አሉ ይላሉ መጻሕፍቱ። እናቴ «የያዛት ሰው መጥቶ ይጠይቃታል» ትላለች። እኔ ተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን ደህና ናት የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ ያን ቀን እንቅልፍ ይወስደኛል።

ኢፍቱ


ናዝሬት፣ የካቲት 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ኢፍቱ፣

በረዶውን የሚያቀልጥ ፀሐይ እንዲወጣልሽ እየለመንኩ ሰላም እላለሁ። ከናዝሬት ፀሐይ ትንሽ ቀንሰን ብንልክልሽ እኛም እናርፍ ነበር።

ባለፈው ሰሞን የወባ ሠራተኞች ፓምፕ አዝለው ቤት ለቤት ዲዲቲ ሊረጩ መጡ። እናቴ የእህሉን ዕቃ ስታወጣ እኔ እሜቴን አወጣሁ። ሣጥኑን በነጠላ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ኒም ዛፏ ሥር ቆምኩ። የቀበሌ ሴቶች ማኅበር ውስጥ ያለችው ወይዘሮ አበዛሽ መጣች።

«ምን አቅፈሻል? ሳንሰማ ወለድሽ እንዴ?»

«አይ፣ የእትዬ ኢፍቱ ናት።»

ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና ወደ ኋላ ዘለለች። «በስመ አብ! ይቺን እያቀፍሽ ማን ያገባሻል?»

የቀበሌው ዘበኛ ኑሬ ስሟን ጠየቀኝ። ስነግረው፣ «እሜቴ ማለት ቀርቷል፤ ጓዲት በያት» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ። ግን ሣጥኑን አላስቀመጥኩም። መድኃኒቱ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት እነ ኑሬ ጓዳ አሳደርኳት።

ሌላው ደግሞ እናቴ ከንፈሯ ላይ ውኃ ቋጠረባት። «ሸረሪትሽ ሸናችብኝ፤ ዛሬ የፈላ ውኃ ነው የምቀልባት» አለች።

«ሣጥኗ ዝግ ነው፣ በምን በኩል ትሸናብሻለች?»

«እሷ በመስታወትም ትሸናለች!»

ለእናቴ አፍ አውጥቼ ስመልስላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ደነገጥን። ማታ ግን ፌንጣ የምይዝበትን ቆርቆሮ አጥባ አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

አሁን አልፈራትም። ስገባ ታውቀኛለች ልበል ብዬ ተውኩት፤ አንቺ ትስቂብኛለሽ። ብቻ ለሰው የማልናገረውን ለእሷ እናገራለሁ። መልስ አትጠይቅም።

የሺዓለም


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ኢፍቱ፣

ጤናሽን ይስጥልኝ። ይህን በችኮላ ነው የምጽፍልሽ። እሜቴ መብላት አቁማለች። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ፣ ይኸው አራት ሳምንቷ ነው። ፌንጣው አጠገቧ ቢዘልም ዞራ አታየውም። ጸጉሯ ጠቁሯል፤ ከሣጥኑ ወለል ላይ ነጭ ድር አንጥፋለች። በረሮም ሰጠኋት፣ የእሳት ራትም ሰጠኋት።

እናቴ፣ «ከእኛም ትሻላለች፤ ጾሙን ይዛለች፤ ተያት» ትላለች። ከዚህ ወዲህ ጋኔን ብላ አልጠራቻትም። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ? ቶሎ ጻፊልኝ።

የሺዓለም


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1975 ዓ.ም. (ያልተላከ)

እትዬ ኢፍቱ፣

ሰላምታ መስጠት አልቻልኩም። ሕማማትም ነው፤ ሰው እርስ በርሱ አይሳሳምም።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ እሜቴ በጀርባዋ ተንጋላ ስምንቱ እግሯ ወደ ላይ ሆኖ አገኘኋት። በማንኪያ ነካ አደረግኳት፤ አልተነሳችም። መስታወቱን መታሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። እስከ ቀትር አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቴ መጥታ አየቻትና፣ «በቃ ልጄ፣ ሞታለች። በሕማማት የሞተ ፍትሐትም የለውም» አለችኝ፤ የቀለደች መስሏት ነበር፤ ሳለቅስ ስታይ ወጣች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርኳት። ሬሳ አያድርም። በሻይ ቅጠል ካርቶን አድርጌ፣ ከሥሯ ጥጥ አንጥፌ፣ ጓሮ ፓፓያው ሥር ቀበርኳት። እናቴ «ለሸረሪት?» አለችኝ፤ አፈሩን መለስኩበት። አንድ ጊዜ የወደቀ አይቼ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። ሁለተኛ አይሆንም ብዬ ነው።

እናትሽ የያዛት ሰው መጥቶ ይጠይቃታል ይላሉ አልሽኝ። አሁን ምን ብዬ


ናዝሬት፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ኢፍቱ፣

ይህ እስኪደርስሽ ፋሲካ ያልፋልና ከወዲሁ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። እኛ ደህና ነን። እሜቴም ደህና ናት። ትናንት አንድ ፌንጣ በልታለች። ስለዚህ አታስቢ፤ ትምህርትሽን አጥኚ።

የሺዓለም


ኦዴሳ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

የሺዬ፣

በዓሉን የደስታ ያድርግልሽ። የሚያዝያ ሁለቱ ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝና ከደስታዬ የተነሳ ክፍል ውስጥ ብድግ አልኩ። መብላት ካቆመች፣ ከጠቆረች፣ ድር ካነጠፈች፣ ልብሷን ልትቀይር ነው!

እንዴት እንዳልነገርኩሽ! በሁለት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ጓዜን ስሸክፍ ከሐሳቤ ወጣ። ስሚኝ፦ ቆዳዋን የምታወልቀው በጀርባዋ ተንጋላ ነው። የሞተች ትመስላለች። ስትነኪያት አትነሳም። እንዳትነኪያት፤ ሣጥኑንም እንዳታንቀሳቅሺ። አንዳንዴ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ አንድ ቀን ሙሉ ይወስድባታል። ከአሮጌው ቆዳዋ እግሯን አንድ በአንድ እንደ ጓንት ትመዛለች። ከዚያ ተገልብጣ ትነሳለች፤ አዲስ ሆና።

መጀመሪያ ያየናት ጊዜ ወንድሜ ሞታለች ብሎ ሊቀብራት ጉድጓድ ምሶ ነበር። «እስኪ ትደር» ያለችው እናቴ ናት። አደረች። በማግስቱ ባዶውን ቆዳ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ አደረገው። ያ ደብተር አብሮት ሄደ። ስለዚህ የሺዬ፣ አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ የአሁኑን ቆዳዋን በጥጥ ጠቅልለሽ በክብሪት ቀፎ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ኢፍቱ


ናዝሬት፣ ሰኔ 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእትዬ ኢፍቱ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። የሚያዝያ ሠላሳው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እንዳልሽው ልብሷን ቀየረች። ቆዳው ክብሪት ቀፎ ውስጥ አለ፤ ቀፎው ጠብቦት ነበርና ትንሽ ቢታጠፍ ይቅርታ። እሜቴ በጣም ደህና ናት። ትልቅ ሆናለች። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ፌንጣ ይበዛል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

የሺዓለም


ኦዴሳ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

የሺ፣

ይህን የሚሰጥሽ አብሮኝ የሚማረው ራህመቶ ነው። ለሥራ ልምምድ አገር ገብቶ በመስከረም ይመለሳል። በእጁ የላክሁት በመካከላችን ሌላ ዓይን እንዳይኖር ነው።

ቆዳው ደረሰኝ። በአጉሊ መነጽር አየሁት። ልብሷን በሰላም ስትቀይር የስምንቱም እግር ሽፋን ባዶ ሆኖ ነው የሚቀረው። በዚህኛው ግን ሦስቱ እግሮች ውስጥ ሥጋ ደርቆበታል። አልወጡም። የተጣበቀበት አፈር ደግሞ ከመቂ ያመጣነው አሸዋ አይደለም። ጥቁር ነው፤ እንደ ጸጉር የቀጠነ የዛፍ ሥር አለበት። ጓሯችሁን አውቀዋለሁ የሺ።

መቼ ነው የሞተችው?

በሞቷ አልቆጣሽም። አደራውን ሰጥቼሽ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ የሄድኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን «ትናንት አንድ ፌንጣ በልታለች» ብለሽ የጻፍሽው አመመኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «ደህና ይሆናል፣ አታስቡ» እያለን ኖረናል። ከአንቺም እሱኑ መስማት አልቻልኩም። የምትነግሪኝ ካለ፣ ምንም ይሁን ምን፣ በራህመቶ እጅ ላኪልኝ።

ኢፍቱ


ናዝሬት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

እትዬ ኢፍቱ፣

ይቅር በይኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን አንብበሽ ሳትጨርሺ ይቅር እንዳትዪኝ።

ሚያዝያ 25 ቀን በጀርባዋ ተኝታ አገኘኋት፤ የሞተች መሰለኝ። በዕለቱ ቀበርኳት። ያን ዕለት የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ነበር፤ ሳልጨርሰው ተውኩትና በማግስቱ ውሸቱን ላክሁልሽ። ያላለቀውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ያንቺ ደብዳቤ ሲደርሰኝ አንድ ወር አልፏል። እንደማይሆን እያወቅሁ በእጄ ቆፈርኩ። ካርቶኑን ስከፍተው በውስጡ ዙሪያውን ድር አድርታበት ነበር። ተገልብጣ በሆዷ ሆና ነበር። አምስቱን እግሯን አውጥታለች። ሦስቱ ቀርተውባታል። በሕይወቷ ነው የቀበርኳት። አፈሩን ስመልስ ትሰማኝ እንደነበር ሳስብ ጓሮ መውጣት ያቅተኛል። ቆዳውን ከላይዋ ቆርጬ ላክሁልሽ። ከመቅበሬ ይልቅ ይህ ያሳፍረኛል።

ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ በማርያም አስምላኛለች።

ጋሽ ገመቹ ከቤታችን በተወሰደ በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 1970፣ ከእናቴ ጋር ወፍጮ ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ሰዎች ተኝተው ነበር። ብዙ ናቸው። ሰው ዳር ዳሩን ይሄዳል። እናቴ ዓይኔን በነጠላዋ ሸፈነችኝ፤ ግን በነጠላ ውስጥ ይታያል። ፊቱን አላየሁም፤ ሌሎች ላዩ ላይ ነበሩበት። ያየሁት የሸራ ጫማውን ነው። ማሰሪያው ተበጥሶበት፣ እኔ ራሴ ከእናቴ አሮጌ ቀይ ሻሽ ጠርዝ ቀድጄ የሰጠሁት ማሰሪያ አለበት። ያሰርኩለትም እኔ ነበርኩ፤ «ናዝሬት ውስጥ እንዲህ የዘነጠ የለም» ብሎኝ ነበር።

ጠመንጃ የያዘ ሰው አስቆመን። «ከእነዚህ የምታውቁት አለ?» አለ።

«የለም» አለች እናቴ።

ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንቺስ ሚጢጢዬ?»

«አላውቅም» አልኩ።

አለፍን። ዱቄቱንም አስፈጭተን ተመለስን። ማታ ድረስ እዚያው ነበሩ። ማንም እንዲያነሳቸው አልተፈቀደም። እናትሽ ከመቂ መጥተው «ልጄን ወዴት ወሰዱት?» ሲሉ እናቴ «አናውቅም» አለቻቸው። ውኃ ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ። ብርጭቆውን ሲቀበሉኝ ግንባሬን ሳሙኝ።

አንቺ ዝምተኛ ናት ያልሽው ይህን ነው እትዬ። እሜቴ በጀርባዋ ስትተኛ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቺን እንኳ ልቅበር አልኩ።

እናቴን አትውቀሺያት። እኔን ውቀሺኝ።

የሺዓለም


ኦዴሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

የሺ፣

ሁለት ሳምንት መጻፍ አቃተኝ። አሁንም ብዙ አልችልም።

እኔ ሳላውቀው አውቀው ነበር። እናቴ ግን አታውቅም። በሩ ክፍት ነው የሚያድረው። መቂ ሂጂ። ጎረቤታችንን አቶ ሰንበታን ቀስቅሺና፣ ገና ሳይነጋ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ መርዶውን በወጉ ያርዷት። ያየሽውን ግን ራስሽ ንገሪያት። በሰው አፍ አይሁን።

በዘጠኝ ዓመትሽ ለተናገርሽው ቃል እኔ ይቅር የምልሽ ነገር የለኝም። እኔም ብሆን እሱኑ እል ነበር። እስከ ዛሬ ለዘገየው ግን እስክትነግሪያት ድረስ አልመልስልሽም።

ኢፍቱ


መቂ፣ ኅዳር 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ኢፍቱ፣

የሚያጽናና እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነገርኳቸው።

ለእናቴ መቂ እሄዳለሁ ስላት ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። መሳፈሪያ ሰጠችኝ፤ በር ላይ ደግሞ ጠርታ ያቺን የቀረችውን ቀይ ሻሽ በእጄ አስጨበጠችኝ። እስከ ዛሬ አስቀምጣት ነበር። ባዶውን ሣጥንም ይዤ መጣሁ።

እንዳልሽው አቶ ሰንበታና ሁለት ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ይዘውኝ ገቡ። በሩ ክፍት ነበር። እናትሽ እማማ ጉዲቱ ስንገባ አይተው ገና ሳንናገር ተቀመጡ። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩ። በሦስተኛው ተናገርኩ። የወፍጮ ቤቱን፣ የሰውየውን ጥያቄ፣ የእኔንም መልስ ነገርኳቸው። ሻሿን ሰጠኋቸው።

ድንኳን አልተጣለም። ሰው ግን ሞላ፤ ሦስት ቀን ሙሉ መጣ። የሽንኩርት ማሳው ሰው ሁሉ እስከ ልጆቹ መጣ። ሳህን ሳጥብ ሰነበትኩ። ማንም በክፉ ዓይን አላየኝም፤ ቢያዩኝ ይቀለኝ ነበር።

ትናንት ማታ ሰው ሲበተን ብቻችንን ቀረን። ሣጥኑን አጠገባቸው አስቀምጠው አሸዋውን በጣታቸው ይነካካሉ። ስለ እሜቴም ነግሬያቸዋለሁ፤ «እስኪ ትደር የሚል ሰው አጣች» ነው ያሉት። ወደ እሳቸው ጠሩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጫማው በእግሩ ነበር?»

«አዎ እማማ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እንዲያ ከሆነ እግሩን አልበረደውም» አሉ። ከዚያ፣ «በይ በሩን ቀርቅሪው» አሉኝ። መቀርቀሪያው ዝጎ ስለነበር በድንጋይ መትቼ ነው ያስገባሁት።

እትዬ፣ ያየሁት አንዱን እግሩን ብቻ ነው። ሌላው ከሰዎቹ ሥር ነበር። ለአንቺ መዋሸት ትቻለሁና ይኸው ጻፍኩልሽ። ለእሳቸው ግን አንቺም አትንገሪያቸው።

የሺዓለም